ጎል ሲገባ ስሟ የሚጠራ፣ ሳይገባ የምትረሳ

የአሜሪካ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ጎል በተቆጠረበት ቁጥር እዚህ ገጽ ላይ አንድ ዓይነት ክርክር ይነሳል። ገሚሱ «መሃል ተከላካዮቹ ተኝተዋል» ይላል። ገሚሱ ደግሞ «ጥፋቱ የአሰልጣኙ ነው፣ ይባረር» ብሎ ይፈርዳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጎሉ ከገባ በኋላ የት መቆም እንደነበረባቸው የማያውቅ የለም። እኔም ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ የማነበው ይሄንኑ የእናንተን ኮሜንት ስለሆነ፣ ዛሬ ታሪኩን ከሥሩ ላውጋችሁ ብዬ ተነሳሁ። ረዘም ይላል፣ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። የዚህ ቡድን የመከላከል ታሪክ የአንዲት ተከላካይ ጀግንነት ወይም የአንዲት ተከላካይ ጥፋት ታሪክ አይደለም። መከላከል የመተዋወቅ ሥራ ነው። አሰልጣኝም የሚመዘነው ይህን መተዋወቅ ገንብቶ በመጠበቁ ነው እንጂ በጭንቅ ሰዓት ከኪሱ በሚያወጣው ብልሃት አይደለም።

ከ1999 እንጀምር። የዓለም ዋንጫው እዚሁ አሜሪካ ነበር። ሩብ ፍጻሜው ከጀርመን ጋር ነው። ጨዋታው ገና አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ተከላካይዋ ብራንዲ ቻስታይን ኳሷን ወደ ኋላ ለበረኛዋ ለብሪያና ስከሪ መለሰች። ስከሪ ደግሞ ኳሷን ልትወስድ ከጎሉ ወጥታ ነበር። ሳይግባቡ ቀሩና ኳሷ እየተንከባለለች የገዛ መረባቸው ውስጥ ገባች። ያን ጊዜ ፌስቡክ ቢኖር ኖሮ ቻስታይን ዕረፍት ሳትወጣ ተሰድባ ባለቀች ነበር። አምበሏ ካርላ ኦቨርቤክ ግን ቀርባ አይዞሽ አለቻት። ጨዋታው በአሜሪካ 3 ለ 2 አሸናፊነት ሲያልቅ ከሦስቱ ጎሎች አንዷን ያገባችው ያችው ቻስታይን ነበረች።

ጁላይ 10 ቀን ፓሳዲና፣ ሮዝ ቦውል ስታዲየም፣ ከ90 ሺህ በላይ ሕዝብ ፊት ፍጻሜው ከቻይና ጋር 0 ለ 0 አለቀና ወደ ፔናሊቲ ተሄደ። የመጨረሻዋን ፔናሊቲ ያገባችው ቻስታይን ናት። ማሊያዋን አውልቃ በጉልበቷ የተንበረከከችበት ፎቶ በየመጽሔቱ ሽፋን ወጣ። ዛሬም ስሟ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ያንን ነው። ከዚያ በፊት ግን፣ በተጨማሪው ሰዓት፣ ቻይናዎች ከማዕዘን ምት በጭንቅላት የመቷትን ኳስ ክሪስቲን ሊሊ ከጎሉ መስመር ላይ በጭንቅላቷ አውጥታ ነበር። ያን ጊዜ ጎል ቀድሞ ያገባ ወዲያው የሚያሸንፍበት ሕግ ስለነበር፣ ሊሊ እዚያ ባትቆም ኖሮ ፔናሊቲም ማሊያም የለም። አሰልጣኙ ቶኒ ዲቺኮ ራሱ በረኛ የነበረ ሰው ነው፤ በማዕዘን ምት ጊዜ ቋሚው አጠገብ ሰው ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከመካከላችን የቻስታይንን ፎቶ ያላየ የለም። የሊሊን ኳስ የሚያስታውስ ግን ስንት ሰው ነው?

አሁን ወደ ትልቁ ክርክር እንምጣ፤ ወደ 2007፣ ቻይና። አሰልጣኙ ግሬግ ራያን ነው። ቡድኑ 51 ጨዋታ ሳይሸነፍ ግማሽ ፍጻሜ ደርሷል። በረኛዋ ሆፕ ሶሎ ናት። በመጀመሪያው ጨዋታ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሁለት ጎል ገባባት፤ ከዚያ በኋላ ግን ስዊድንም፣ ናይጄሪያም፣ እንግሊዝም አንድ አላገቡባትም። ግማሽ ፍጻሜው ከብራዚል ጋር ሲሆን ራያን ሶሎን ወንበር ላይ አስቀምጦ ስከሪን አስገባ። ምክንያቱን ሲናገር ስከሪ ብራዚልን ስትገጥም ጥሩ ታሪክ አላት፣ የብራዚሎችን አጨዋወት ለመመከት ቅልጥፍናዋ ይሻላል አለ። እውነትም ስከሪ ትልቅ በረኛ ናት፤ የ1999ኙን ዋንጫ ያመጣችውን ፔናሊቲ ያዳነችው እሷ ናት። ነገር ግን በዚያ ውድድር አራቱንም ጨዋታ ከተከላካዮቹ ኋላ የቆመችው፣ ድምፅዋን የለመዱት፣ መቼ እንደምትወጣ መቼ እንደምትቀር የሚያውቋት ሶሎን ነበር።

ሴፕቴምበር 27፣ ሃንግዡ። በ20ኛው ደቂቃ ሌስሊ ኦስቦርን በራሷ ጎል ላይ አገባች። በ27ኛው ማርታ ጨመረች። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ሻነን ቦክስ በሁለተኛ ቢጫ ተባረረች። ከዕረፍት መልስ ክሪስቲያኔ ሦስተኛውን፣ ማርታ ተከላካይዋን በተረከዟ አታላ ዞራ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 0። ከጨዋታው በኋላ ሶሎ ካሜራ ፊት ቆማ ውሳኔው ስህተት እንደነበረ፣ እሷ ብትሰለፍ ኖሮ ኳሶቹን እንደምታድን ተናገረች። ቡድኑ ተቆጣ፣ ለደረጃው ጨዋታም አገለላት። ራያን በአሰልጣኝነት ዘመኑ 45 አሸንፎ፣ 9 አቻ ወጥቶ፣ የተሸነፈው አንዴ ብቻ ነው። በዚያች አንዲት ሽንፈት ውሉ ሳይታደስ ቀረ።

እዚህ ላይ ሁለት ወገን አለ። አንዱ «ቀይ ካርድ ነው የገደላቸው፣ ማርታ ያን ቀን ማንም በረኛ ቢቆም ታገባ ነበር» ይላል። ይሄ ወገን ባዶውን አይደለም፤ የቦክስ ሁለተኛ ቢጫ አይገባትም ያሉ ብዙ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ የመጀመሪያ ጎሎች የገቡት አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ሆነው ነው። እኔ የምለው ሶሎ ከስከሪ ትበልጣለች አይደለም። ጥያቄው የማን መብለጥ አልነበረም። ተከላካይ ከኋላዋ ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ዞራ ሳታይ ማወቅ አለባት። ዞራ ለማየት የምትወስደው ግማሽ ሰከንድ ማርታን ለመሰለች ተጫዋች ከበቂም በላይ ነው። ራያን በአንድ ቀን የወሰደባቸው ያንን ነው።

ማስረጃ የምትሉ ካላችሁ የሚቀጥለውን ዓመት ተመልከቱ። ስዊድናዊቷ ፒያ ሱንድሃጌ መጣች። ከተጫዋቾቹ ጋር በመጀመሪያ ስትተዋወቅ ጊታር ይዛ ዘፈነችላቸው ይባላል፤ ሰው የሚያወራው ያንን ነው። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ2008 ቤጂንግ ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ጨዋታ ከኖርዌይ ጋር ሲሆን፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጎል ገባባቸው። አንዱ በረኛዋና ተከላካይዋ ሳይግባቡ ቀርተው የገባ ነው። በረኛዋ ያቺው ሆፕ ሶሎ ናት! እስቲ አስቡት፤ ዓመት ሙሉ ስትወራ የኖረች በረኛ፣ መክፈቻው ላይ በአራት ደቂቃ ሁለት። የእኛ ሰው አሰልጣኝ ቢሆን በማግስቱ ይቀይራት ነበር። ፒያ አልነካቻትም። በፍጻሜው ብራዚልን፣ ማርታንም ክሪስቲያኔንም ይዞ የመጣውን ያንኑ ብራዚልን፣ በካርሊ ሎይድ የተጨማሪ ሰዓት ጎል 1 ለ 0 አሸንፈው ወርቁን ወሰዱ። ብራዚል አልደከመም፤ የተለየው ከኋላ ያሉት ሰዎች መረጋጋታቸው ነው።

2015ን ቶሎ ልለፈው። ካናዳ ላይ ጂል ኤሊስ በምድብ ጨዋታዎች ስትወቀስ ከረመች፤ አጨዋወቱ አሰልቺ ነው ተባለ። በዚያ ሁሉ ወቀሳ መሃል ግን ከአውስትራሊያ ጋር በመጀመሪያው ጨዋታ ከገባባቸው ጎል ጀምሮ ፍጻሜ እስኪደርሱ ማንም መረባቸውን አልነካም። ፍጻሜው 5 ለ 2 ሆኖ የሎይድ ሦስት ጎል ሁሉንም አስረሳ። እነ ቤኪ ሳወርብራንን ያነሳቸው ጥቂት ሰው ነው።

ከዚያ ቭላትኮ አንዶኖቭስኪ መጣ። የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2021 ሲከፈት ስዊድን 3 ለ 0 ቀጥታቸው 44 ጨዋታ ሳይሸነፉ የመጡበትን ጉዞ አቆመችው። በዚያ ኦሊምፒክ በስድስት ጨዋታ አሥር ጎል ገባባቸው። ነሐሱን እንኳ ያገኙት 4 ለ 3 ነው። ይሄ እንግዲህ እውነተኛ የመከላከል ችግር ነው። ግን ያን ጨዋታ መለስ ብላችሁ እዩት፤ ስዊድኖች ኳሱን የሚነጥቁት መሃል ሜዳ ላይ ነው። ከፊት ያሉት ካላሯሯጡ፣ አማካዮቹ ከተበለጡ፣ ተከላካይዋ ጋ የሚደርሰው ኳስ ሳይሆን ጎርፍ ነው። ለጎርፍ ደግሞ የመጨረሻዋን ቤት አይወቅሱም።

2023 ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ላይ በአራት ጨዋታ የገባባቸው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱም የኔዘርላንዷ የጂል ሮርድ። ግን ከፊት ማግባት አቃታቸው። ከፖርቱጋል ጋር 0 ለ 0፤ በባከነ ሰዓት የፖርቱጋል ኳስ ቋሚውን ገጭታ ባትመለስ ከምድብ ይወጡ ነበር። ከስዊድንም ጋር 0 ለ 0፤ በረኛዋ ሙሾቪች የመቱትን ሁሉ መለሰችባቸው። በፔናሊቲ 5 ለ 4 ወጡ፤ የመጨረሻዋ ኳስ መስመሩን ማለፏ የታወቀው በቴክኖሎጂ ነው፣ ሚሊሜትር ነበረች። በዓለም ዋንጫ ታሪካቸው ከሦስተኛ ወርደው አያውቁም ነበርና አሰልጣኙ ለቀቀ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ያን ሰሞን እዚህ ገጽ ላይ ተከላካዮቹንም ጨምሮ ያልተሰደበ አልነበረም። አራት ጨዋታ፣ አንድ ጎል! እነሱ ምን ያድርጉ?

ከእነዚያ ተከላካዮች መሃል አራቱንም ጨዋታ አንዲት ደቂቃ ሳትወጣ የተጫወተችው ናኦሚ ግርማ ናት። አዎ፣ የእኛዋ ልጅ። በ2000 ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ፣ ከኢትዮጵያ ከመጡ ወላጆች ተወለደች። ኳስ የጀመረችው የአበሻ ቤተሰብ ልጆቹን በሚሰበስብበት «ማለዳ» በሚባል የሰፈር ቡድን ነው። የቴሌቪዥን ጋዜጠኞቹ በየጨዋታው «ግርማ፣ ግርማ» ሲሉ የሚጠሩት አባቷን መሆኑን አያውቁም፤ እኛ እናውቃለን። በዚያው ቡድኑ በወደቀበት ዓመት የአሜሪካ የዓመቱ ምርጥ ሴት ተጫዋች ተብላ ተመረጠች፤ ያንን ሽልማት ተከላካይ ሲወስድ የመጀመሪያው ነው። ተመልካቹ ያላየውን ኳሱን የሚያውቁት አይተውታል።

በ2024 ኤማ ሄይስ ከቼልሲ መጣች። ከፓሪስ ኦሊምፒክ በፊት ያገኘችው አራት የወዳጅነት ጨዋታ ብቻ ነው። አሌክስ ሞርጋንን ሳትይዝ ሄደች ተብላ ተወቀሰች። ውድድሩ ሲጀመር ደግሞ «ተጫዋች አትቀይርም፣ ልጆቹን ልትገድላቸው ነው» ተባለች። እሷ ግን አብረው እንዲላመዱ የፈለገቻቸውን ይዛ ቀጠለች። ጃፓንን 1 ለ 0 በተጨማሪ ሰዓት፣ ጀርመንን 1 ለ 0 በተጨማሪ ሰዓት፣ በፍጻሜው ብራዚልን 1 ለ 0። በቶኪዮ በስድስት ጨዋታ አሥር የገባበት ቡድን፣ በፓሪስ በስድስት ጨዋታ የገባበት ሁለት ብቻ ነው። ከጀርመን ጋር በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች አሊሳ ኔየር በእግሯ ያወጣቻት ኳስ አለች፤ የሊሊን የ1999 ኳስ ያስታወሰችኝ እሷ ናት። ሄይስ በዚያው ውድድር ስለ ናኦሚ ስትጠየቅ እንደሷ ያለ ተከላካይ አይቼ አላውቅም አለች። በ2025 ጥር ላይ ቼልሲ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት። በሴቶች እግር ኳስ ሚሊዮን ዶላር የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ተጫዋች ጎል አግቢ ሳትሆን ጎል ከልካይ ናት።

እና አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ናኦሚ ወርቁን ስታጠልቅ የኛ ልጅ ናት አልን፤ ባንዲራችንን ለጠፍንላት። ጎል ሲገባ ግን «እነዚህ አሜሪካኖች መከላከል አይችሉም» እንላለን። እንዲህ ያለ ዝምድና ጥሩ አይደለም። ሰው የኛ የሚሆነው በሁለቱም ቀን ነው።

ደግሞ ይሄን ነገር እኛ ካልተረዳነው ማን ይረዳዋል? አብዛኞቻችን የምንኖርበት ሥራ ምንም ነገር ሳይፈጠር ሲያልቅ ነው ጥሩ የሚባለው። ሌሊቱን ሙሉ ሰው በሰላም ያደረሰ ሹፌር ስሙ አይነሳም። ፓርኪንግ የምትጠብቁ፣ አረጋውያን የምትንከባከቡ፣ ሆስፒታል የምታጸዱ ታውቁታላችሁ፤ ስማችሁ የሚጠራው የጎደለ ቀን ነው። ተከላካይም እንደዚያው ናት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ጎል ሲገባ ከመጻፋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ኳሱ መጀመሪያ የተነጠቀው የት ነው? እነዚህ አራት ተከላካዮችና በረኛዋ ስንት ጨዋታ አብረው ቆመዋል? አሰልጣኙ የቀየረው ነገር አለ ወይ፣ ካለ ለምን? ከዚያ በኋላ ብትፈርዱ ፍርዳችሁን እቀበላለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለው አባቶቻችን የተረቱት ለአንድ ክር አይደለም።

ሴት ልጅ ያላችሁ ደግሞ፣ ቅዳሜ ሜዳ ስትወስዷት «ስንት አገባሽ?» ብቻ አትበሏት። «ስንት አስጣልሽ?» ብላችሁም ጠይቋት። ማን ያውቃል፣ የሚቀጥለው ቡድን መሃል ተከላካይ የምትሆነው እሷ ልትሆን ትችላለች።

ሐሳባችሁን ከታች ጻፉ፤ በ2007 ራያን ልክ ነበር የምትሉ ካላችሁም ኑ እንከራከር። ስድብ ግን አልቀበልም። ቸር ይግጠመን።