የአንበጣ ጠባይና ትምህርቱ

በእንፍራንዝና በአካባቢዋ ያለ ገበሬ አዝመራው ማሸት ሲጀምር ዓይኑን ወደ ሰማይ ማንሣቱ አይቀርም፤ በረዶና አንበጣ ያሰጉታልና። እኛም ተማሪዎች ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች እንደ መሆናችን በዚህ በበዓል መጽሔታችን የአንበጣን ነገር ጥቂት ልናወሳ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

አንበጣ ለሀገራችን የቆየ ጠላት ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ መንጋው እህሉን ሲያጠፋና ሕዝቡ አገሩን ጥሎ ሲሰደድ ማየቱን ጽፏል። በ1958 በሀገራችን 167,000 ቶን ያህል እህል ጠፋ፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት በመገበ ነበር። በ2020ም በወሎ ለአጨዳ የደረሰ ማሽላ ተበላ።

ታዲያ ይህ መንጋ ከወዴት ይመጣል? ቀድሞ ብቻውን የሚኖረው አንበጣና በመንጋ የሚሄደው ሁለት ልዩ ልዩ ዘር ይመስሉ ነበር። በ1921 ትውልደ ሩሲያዊው ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ ግን አንድ ዘር መሆናቸውን አስረዳ። ዝናም ሲበዛ አንበጣው ይራባል፤ ምድር ሲደርቅ ደግሞ በቀረችው ጥቂት ልምላሜ ላይ ይጨናነቃል። የኋላ እግሮቹ ደጋግመው ሲነካኩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጠባዩ ይለወጣል። በ1909 ሳይሆን ከብዙ ድካም በኋላ በ2009 እንደ ታወቀው፥ ይህን ለውጥ የሚያስነሣው በነርቮቹ ውስጥ የሚበዛው ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ2013 የተገለጠው ነው። ብቸኛው አንበጣ አንድን ሽታ ከመራራ ምግብ ጋር አንድ ጊዜ ካገናኘ ከዚያ ሽታ መሸሽን ይማራል። መጨናነቅ ሲጀምር ግን እንዲህ ያለውን መሸሽ እንደ ገና መማር ይሳነዋል፤ ሆኖም አስቀድሞ የተማረውን አይረሳም፥ መልካም ምግብን ከሽታው ጋር ማገናኘትንም ይማራል። ምክንያቱስ ምንድር ነው? ብቸኛው ተደብቆ ይኖራልና መርዛም ቅጠል አይጠቅመውም። የመንጋው አንበጣ ግን በግልጥ ይታያል፤ መራራውን ቢበላ ሥጋው መራራ ሆኖ ከሚበሉት አራዊት ያድነዋል።

እንግዲህ ጭንቅ የትንሽ ፍጥረትን ትዝታ ሁልጊዜ አያጠፋም፤ የሚማረውን ነገር ይለውጣል እንጂ። ከዚህም ለእኛ ትልቅ ጥቅም ይገኛል። መንጋው ሰማይን ከሸፈነ በኋላ ጩኸትና ጅራፍ ብዙ አይረዳም፤ መጠበቅ የሚገባው ብቸኛው አንበጣ በደረቁ ቆላ መሰብሰብ ሲጀምር ነው። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት በ1962 የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን በአንድነት ማቋቋማቸው ስለዚህ ነው፤ አንበጣ ድንበር አያውቅምና። ከእኛ ከተማሪዎች መካከልም ይህን ጥናት የሚቀጥሉ ሊቃውንት እንዲወጡ ምኞታችን ነው።