የጀብዱ ፊልም ፍጥነትና ቃና አመጣጥ

በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በየሳምንቱ በክፍል በክፍል ይታዩ የነበሩት ተከታታይ ፊልሞች፣ ጀግናው ከሞት አፋፍ ላይ ሳለ ትረካውን በማቋረጥ ተመልካቹን ለሚቀጥለው ሳምንት ያጓጉት ነበር። ፊልም ሠሪዎቹ ጆርጅ ሉካስና ስቲቨን ስፒልበርግ በ1981 ኢንዲያና ጆንስ የተባለውን ጀብደኛ ገጸ ባሕርይ በፊልም ሲያቀርቡ ይህንኑ ስልት በአንድ ፊልም ውስጥ በመደርደር፣ አንዱ አደጋ ሳይበርድ ሌላው የሚተካበትን የትረካ ፍጥነት ፈጠሩ፤ የፊልሙ አቀናባሪ ማይክል ካንም ምስሎችን በመቁረጥና በማገጣጠም ጥበቡ ኦስካር ተሸለመ። ቃና፣ ማለትም ትረካው በተመልካቹ ላይ የሚያሳድረው ስሜት፣ በዚህ ፊልም ፍርሃትን ከቀልድ ያጣመረ ሲሆን፣ በ1932 አስፈሪ ፊልም የነበረው «ዘ ማሚ» በ1999 እንደገና ሲሠራ በቀልድ የተዋዛ ጀብዱ መሆኑ የዚሁ ፈለግ ቀጣይነት ማሳያ ነው።