ካሜራው ዘግይቶ የደረሰላት አስኒ

እሑድ ዕለት አሞራ ገደል ቆሮሷችንን እየበላን አንዱ ጓደኛችን ከሞባይሉ የአስናቀች ወርቁን ክራር ከፈተ። «ይቺ ሴትዮ እየዘፈነች ነው እየተናገረች?» አለች አጠገቤ የተቀመጠችው። አሪፍ ጥያቄ ናት!

እኔ የምለው ሁለቱንም ነው። አስናቀች ክራር ደርዳሪና ገጣሚ ብቻ አልነበረችም፤ ተዋናይትም ነበረች። የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ቀሚስ ለብሰው በሚጫወቱበት ዘመን፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም.፣ መድረክ ላይ ከወጡት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ዘፈኗንም እንደ ቲያትር ነው የምትጫወተው። ፊት ለፊቷ ለተቀመጠው ሰው እዚያው ግጥም ትገጥማለች፣ ትሸነቁጠዋለች፣ ደግሞ መልሳ ታባብለዋለች። ታዲያ ይሄን ሸክላ ብቻውን እንዴት ይይዘዋል? ድምጿ ይቀራል፤ ፊቷ ግን የለም።

እንዲህ ዓይነቷን ሴት ሌላ አገር ብትሆን ሲኒማ ነበር የሚቀልባት። የእኛ ሲኒማ ግን ገና ዳዴ እያለ ነበር። የመጀመሪያው ረጅም ልቦለድ ፊልማችን «ሂሩት አባቷ ማነው?» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ቴሌቪዥንም የተጀመረው በዚያው ዓመት። «ጉማ» እስኪመጣ እስከ 1974 ተጠበቀ። በመሀሉ ያለውን እናንተው ቁጠሩት።

ፊልም ለሙዚቀኛ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሙላቱ አስታጥቄን ማሰብ ይበቃል። የጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» እ.ኤ.አ. በ2005 ዜማዎቹን ስማችንን እንኳ ለማያውቅ ተመልካች አደረሰለት። የሙላቱ ዜማ ግን አስተርጓሚ አያሻውም። የአስናቀች ሰምና ወርቅ ግን ያሻዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 16ኛ ቅጽ ሥራዎቿ በሲዲ ሲወጡ፣ ፈረንጁ ክራሩንና ድምጿን ወደደ፤ ሽንቆጣው ግን መቼ ገባው?

ለዚህ ነው የራሔል ሳሙኤልን ዘጋቢ ፊልም ከየትኛውም ሲዲ የማስበልጠው። እዚያ ውስጥ አስናቀችን እንሰማታለን ብቻ ሳይሆን እናያታለን። አስናቀች መስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች፤ ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ርእሱም የቁልምጫ ስሟ ነው፦ «አስኒ»።