ፈጣኑን ሥራ በዝግታ ስለ መማር

አንድ ባለሙያ ሥራውን በፍጥነት ሲፈጽም ያየ ሰው ሁሉ፣ ሙያውንም በፍጥነት የተማረው ይመስለዋል። የሙያን ታሪክ ስንመረምር ግን የምናገኘው ተቃራኒውን ነው። ለዚህም ዛሬ ምስክር አድርገን የምናቀርበው፣ በሀገራችን ብዙ ሰው ያልለመደውን የጎልፍ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ለከተማችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ሰሜን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ለእንግሊዝ ሌጋሲዮን በሰጡት ሰፊ ግቢ ውስጥ የጎልፍ ሜዳ ተሠርቶ ሲጫወቱበት ኖረዋል።

ጎልፍ በስኮትላንድ የቆየ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1457 የስኮትላንድ ምክር ቤት፣ ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን ትቶ ወደ ጨዋታ አዘንብሏል ሲል ጎልፍን በዐዋጅ ከልክሎ ነበር፤ ጨዋታው ግን ከዐዋጁ የበለጠ ዕድሜ አገኘ። ተጫዋቹ በመሬት ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ኳስ በረዥም ዱላ እየመታ ሩቅ ወዳለው ጉድጓድ ይሰዳታል። ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ዱላው ከላይ ተነሥቶ ኳሱን እስኪመታ የሚፈጀው ጊዜ ሩብ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው፤ ዱላውና ኳሱ ተነካክተው የሚቆዩትም ከአንድ ሺሕኛ ሰከንድ ግማሽ ለሚሆን ጊዜ ነው። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ፈርዶ፣ እጅ እስኪታዘዝ ደግሞ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ያልፋል። ስለዚህ ስሕተቱ በመካከል ቢታወቅ እንኳ ማረሚያ ጊዜ የለም። መታረም ያለበት አስቀድሞ፣ ሌላ ቦታ፣ በሌላ ፍጥነት ነው።

ዓይን የማይደርስበትን እንቅስቃሴ ለማየት መንገድ ከከፈቱት ሰዎች አንዱ ካህን ናቸው። ኦስትሪያዊው ቄስ አውጉስት ሙስገር እ.ኤ.አ. በ1904 ፈጣን እንቅስቃሴን በዝግታ የሚያሳይ የፊልም መሣሪያ ፈለሰፉ። እ.ኤ.አ. በ1930 አራቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ያሸነፈው አሜሪካዊው የሕግ ባለሙያ ቦቢ ጆንስም፣ በሚከተለው ዓመት በተነሡ ፊልሞች የአመታቱን ሥልት በዝግታ ጭምር አሳየ። ቤን ሆጋን ደግሞ ፊልሙ ዝግ እንዲል ሳይጠብቅ፣ ዱላውን ራሱ እጅግ ዝግ አድርጎ ሲያነሣና ሲያወርድ የሚታይበት ፊልም አለ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1949 መኪናው ከአውቶቡስ ጋር ተጋጭታ አጥንቱ ተሰባብሮ ነበር፤ በ1950 ግን የአሜሪካን ብሔራዊ ውድድር አሸነፈ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያለ ኳስ ቆሞ ዱላውን በዝግታ ማንሣት፤ ከላይ ሲደርስ ጥቂት ማረፍ፤ ሲወርድም የሰውነት ክብደት ወደ ፊተኛው እግር እንዲያልፍ፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ከዚያም ትከሻና ክንድ፣ በመጨረሻ ዱላው እንዲከተል ማድረግ፤ ሲያበቃም ሳይንገዳገዱ መቆም ነው። ሚዛኑ የጐደለ ሰው በፍጥነት ሲመታ ግፊቱ ጉድለቱን ይሸፍንለታል፤ በዝግታ ሲሠራ ግን ወዲያው ይንገዳገዳል። ሥርዓቱ ከተለመደ በኋላ ፍጥነቱ በየደረጃው ይጨመራል፤ በዝግታ ብቻ የቀረ ሰው ኳስ አያርቅምና።

የዚህ ጥበብ መሠረት ለእኛ አዲስ አይደለም። በልደት ቀን ገና የተጫወተ ሁሉ፣ ሩርን በቆልማማ በትር መምታት ምን ያህል የዓይንና የክንድ ስምምነት እንደሚጠይቅ ያውቃል። ይልቁንም የአቋቋም ትምህርት ነገሩን በግልጽ ያስረዳል። ደቀ መዝሙሩ በቁም ዜማ ጀምሮ፣ በዝማሜ መቋሚያውን በዝግታ እየመራ፣ በመረግድ አልፎ ነው ወደ ፈጣኑ ጽፋት የሚደርሰው።

በዚያው በቦሌም የምናየው ይህንኑ ነው። የልደታ ማረፊያ ለጄት አውሮፕላኖች አጭር ሆኖ በመገኘቱ፣ የቦሌ ማኮብኮቢያ በ1955 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ዛሬ በዚያ የሚሠለጥን አብራሪ አደጋን የሚለማመደው በምድር ላይ በቆመ የአውሮፕላን አምሳያ ውስጥ ነው። በሰማይ ላይ አውሮፕላን አይቆምም፤ በአምሳያው ግን መምህሩ በረራውን በመካከል አቁሞ ስሕተቱን ካሳየ በኋላ እንደ ገና ያስጀምረዋል።

ይህን ስንጽፍ ራሳችንን ነፃ አናደርግም። በኮምፒዩተር መጻፍ ስንጀምር፣ ቶሎ ጨራሽ ለመባል በሁለት ጣት እየተጣደፍን ለመድን፤ ስሕተቱም ከጣታችን ጋር አብሮ አደገ። ኋላ ለማረም ስንነሣ እንደ ጀማሪ ፊደል በፊደል መሄድ ግድ ሆነብን፤ ባልደረቦቻችን ሲመለከቱን አፍረን ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞው ጥድፊያ ተመለስን። የከለከለን የችሎታ ማነስ አልነበረም፤ ዝግ ብሎ መታየትን መፍራት ነበር።

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ስለ ትዕግሥት ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ ዝግታ ግን መመርመሪያም ነው። ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን፣ አለቃውም አዲሱን ሠራተኛ «ፍጠን» ከማለቱ በፊት፣ ሳያፍር ዝግ የሚልበትን ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። በዚያ ጊዜ ያልታረመ ስሕተት፣ ፍጥነት ሲመጣ አብሮ ይፈጥናል።