ሁሉ አማረሽ መኪና

የእህቴ ልጅ ሚኒሶታ ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። አረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ የሌሊት ተረኛ ሆኖ ይሠራል። አንድ ቀን ደወለልኝና፣ «ጋሼ፣ መኪና ልገዛ ነው። ለሥራም፣ ለገበያም፣ ለዚህ ለጉደኛ ክረምትም የሚሆን አንድ መኪና ምን ልግዛ?» አለኝ።

እኔ እንኳን የሚኒሶታን፣ የሰፈሬንም መኪና ለይቼ አላውቅም። ግን ምክር ተጠይቆ «አላውቅም» የሚል አበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎሮሮዬን ጠርጌ፣ «ፎር ዊል የሆነ ነገር ፈልግ። አራቱም ጎማ ከሳበ ምንም አይነካህም» አልኩት። እናቱ ከጎኔ ሆና፣ «ምን ያካብዳል! ክረምት እኛስ አገር አለ አይደል እንዴ?» አለች። እውነቷን ነው። እኛ ክረምት ስንል ሰኔ ግም ሲል የሚገባው ዝናብና ጭቃ ነው። በረዶ ስንልም ቆርቆሮውን ደብድቦ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ የሚቀልጠው ነው። እዚያ ግን በረዶው ኅዳር ላይ ይጥልና መጋቢት ድረስ አልነሳም ይላል። ቃሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት።

ልጁ ምክሬን ሰማ። ያጠራቀመውን ሁሉ አውጥቶ ያገለገለ ትልቅ ፎር ዊል ገዛ። የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት፣ ከሌሊት ሥራ ሲመለስ ቁልቁለት ላይ ቀይ መብራት ያዘው። ፍሬን ረገጠ። መኪናው ግን እንደ ሳሙና ተንሸራትቶ መስቀለኛውን አቋረጠ፣ የእግረኛው መንገድ ላይ ወጣ፣ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተቃቅፎ ቆመ። በሰዓቱ የሚያልፍ ሰው ስላልነበረ እግዜር አተረፈው። የገባው ኢንሹራንስ የሌላ ሰው ንብረት እንጂ የራሱን መኪና የሚሸፍን አልነበረምና ገንዘቡ በዚያች ጠዋት አለቀ። ማታ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አራቱም ጎማ ከሳበ ምንም አይነካህም ብለኸኝ አልነበር?» አለኝ። ምን ይባላል? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን «ለመሆኑ በረዶ አገር ያሉ ሰዎች ይህን ጥያቄ እንዴት ነው የመለሱት?» ብዬ መጽሐፍ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ መኪና የበጋ ዕቃ ነበር። በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ የመጀመሪያዎቹ ባለመኪኖች ክረምት ሲገባ ውኃውን ከራዲያተሩ አፍስሰው፣ ጎማው እንዳይጎዳ በእንጨት ደግፈው፣ መኪናቸውን ጎተራ ውስጥ ይቆልፉበታል። ከዚያ እስከ ጸደይ ድረስ ወደ ፈረሳቸውና ወደ በረዶ ላይ ጋሪያቸው ይመለሳሉ። ፈረስ ፎር ዊል ነው፤ በዚያ ላይ ቤንዚን አይጠጣም።

አራቱም ጎማ የሚስብ መኪና ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው በላይ ዕድሜ አለው። ስፓይከር የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ በአራቱም ጎማ የሚሄድ የውድድር መኪና በ1903 ሠርቷል። ሆኖም ውድ ነበርና ተራው ሰው እጅ አልገባም። ነገሩን ሕዝብ ያወቀው በጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር በ1940 ቀላል የቅኝት መኪና ይሠራልኝ ብሎ ጨረታ አወጣ። ከዚያ የተወለደችው ጂፕ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እስኪያልቅ ከ6 መቶ ሺህ በላይ ሆና ተመረተች። ጦርነቱ ሲያበቃም ጂፕ ወደ እርሻው ገባች። የእንግሊዙ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ እርሻው ላይ በጂፕ ይገለገል ነበር። «ይህችን የመሰለች ለምን እኛ አንሠራም?» ብሎ ተነሣና ላንድሮቨር በ1948 አምስተርዳም ላይ ለዕይታ ቀረበች። ብረት ከጦርነቱ በኋላ እጥረት ስለነበረበት አካሏ የተሠራው በአሉሚኒየም ነው። ቶዮታም በ1951 የራሱን ጂፕ መሰል መኪና ሠራ፤ «ላንድክሩዘር» የሚለውን ስም ያወጣላት በ1954 ነው። እነዚህን ሁለቱን እኛም አገር የማያውቃቸው የለም። ገጠር የሠራ ሰው ሁሉ፣ ከማጥ ያወጣችውን መኪና ውለታ ሲያወራ ያድራል።

ነገር ግን እነዚህ መኪኖች ለማጥ እንጂ ለከተማ አልተሠሩም። ያንገጫግጫሉ፣ ነዳጅ ይጠጣሉ፣ ከሁሉም በላይ ይበርዳሉ። ስለዚህ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፤ ወይ ምቹ ሆና በረዶ ላይ የምትለግም የቤት መኪና፣ ወይ በረዶውን ጥሳ ባለቤቷን የምታንቀጠቅጥ ጂፕ። ሁለቱንም በአንድ መኪና የፈለገ «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» ይባል ነበር።

ሁሉ አማረሽ ታዲያ ገበያ የወጣችው በጃፓን መብራት ኃይል በኩል ነው። ሰሜን ምሥራቅ ጃፓን በረዶ የሚከመርበት ተራራማ አገር ነው። ቶሆኩ የተባለው የአካባቢው የኤሌክትሪክ ኩባንያ ሠራተኞች በክረምት መስመር ለመጠገን ተራራ የሚወጡት በጂፕ ነበር። ብርዱ አንገበገባቸው። «እንደ ቤት መኪና የሚሞቅ፣ እንደ ጂፕ የሚወጣ አንድ ነገር ሥሩልን» ብለው በሰንዳይ ከተማ ላለው የሱባሩ ሻጭ ጥያቄ አቀረቡ። የሻጩ መካኒኮች የፊት ጎማዋ የሚስብ የሱባሩ የቤት መኪና ወሰዱ፣ ከሥሯ የኒሳን ብሉበርድ የኋላ ዲፈረንሻል ገጠሙላት። ከሌላ ቤት የመጣ ዕቃ ነው፤ ግን ሠራ። ኩባንያው ነገሩን አይቶ ተረከበውና በ1972 ሱባሩ ሊዮኒ ባለ አራት ጎማ ሳቢ የቤት መኪና ሆና ለገበያ ቀረበች። ትልቁ ነገር የተጀመረው በትልቅ ቢሮ ሳይሆን ሥራ ላይ በበረዳቸው ሰዎች መሆኑን ልብ ይሏል።

አንድ ችግር ግን ቀረ። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማና የኋላ ጎማ የሚሄዱት መንገድ እኩል አይደለም፤ የፊቱ የበለጠ ይጓዛል። አራቱን ጎማ በአንድ ዘንግ አስራችሁ ደረቅ አስፋልት ላይ ስትታጠፉ ጎማዎቹ እርስ በርስ ይጓተታሉ። በረዶ ወይም ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም፤ አስፋልት ላይ ግን መኪናው ይዘላል። ስለዚህ ነው የሊዮኒ ነጂ በረዶ ሲያጋጥመው ብቻ ማንሻ ስቦ የኋላውን የሚያስገባው። ለዘወትር ይሁን ካላችሁ መሐል ላይ ሦስተኛ ዲፈረንሻል ያስፈልጋል። ይህን በ1977 ከእኛ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ቤተሰብ የሆነችው ላዳ ኒቫ ይዛ መጣች፤ ለሶቪየት ገጠር ተብላ የተሠራች ናት። ከሚኒሶታ ጎረቤት ከዊስኮንሰን ደግሞ ኤ.ኤም.ሲ. የተባለው ኩባንያ በ1979 መጨረሻ ኢግል የተባለች የቤት መኪና አወጣ። ከፍ ብላ የቆመች፣ አራቱም ጎማዋ የሚስብ። ዛሬ መንገዱን ለሞላው የመኪና ዓይነት እናት የሚሏት አሉ፤ ኩባንያው ግን ልጆቿን ሳያይ ተሸጠ።

ዝናውን የወሰደው አውዲ ነው። በ1977 ክረምት የአውዲ መሐንዲሶች ፊንላንድ በረዶ ላይ መኪና ሲሞክሩ፣ ኢልቲስ የምትባል 75 የፈረስ ጉልበት ብቻ ያላት የወታደር መኪና ጉልበታሞቹን አውዲዎች ጥላቸው ሄደች። የርግ ቤንሲንገር የተባለው መሐንዲስ ይህን አይቶ ሐሳቡን ለአለቃው ለፈርዲናንድ ፒዬክ አቀረበ። በ1978 ጥር ላይ ኦስትሪያ ውስጥ ቱራኸር ሆኸ የሚባለውን ቀጥ ያለ ዳገት፣ በረዶ ለብሶ ሳለ፣ በተራ የበጋ ጎማ ወጥተው አለቆቻቸውን አስደመሙ። የአንድ ሹም ባለቤት የሙከራውን መኪና ቪየና ውስጥ ስትነዳው «ሲታጠፍ ይዘላል» ብላ ማማረሯም ይነገራል። ያው የዲፈረንሻሉ ጣጣ ነው። እሱም ተስተካክሎ አውዲ ኳትሮ በ1980 ጄኔቫ ላይ ለዕይታ በቃች። ሚሼል ሙቶን የተባለች ፈረንሳዊት በዚሁ መኪና በ1981 የሳንሬሞን ራሊ አሸነፈች፤ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ከዚያ ወዲህ ፎር ዊል የገበሬና የወታደር መሆኑ ቀረና የኩራት ዕቃ ሆነ። በ1990ዎቹ ራቭ ፎር፣ ሲ አር ቪ፣ ሱባሩ አውትባክ ተከታትለው መጡ፤ በረዶ አይቶ የማያውቅ ከተሜ ሳይቀር ተሽቀዳድሞ ገዛቸው።

እዚህ ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። የቱራኸር ሆኸው ታሪክ የሚያወራው ስለ መውጣት ነው። ስለ መውረድ ብዙ አይነገርም። የእህቴ ልጅ ደግሞ የተጋጨው ሲወርድ ነው!

ለካ ነገሩ ወዲህ ነው። አራቱም ጎማ መሳቡ የሚጠቅመው ለመነሣትና ለመሄድ ነው። ለመቆም ግን አነስተኛዋም ትልቁም መኪና በአራቱም ጎማ ላይ ፍሬን አላቸው፤ በዚህ በኩል ፎር ዊል ያለው ብልጫ የለም፤ ክብደቱ እንዲያውም መከራ ነው። መኪናውን የሚያቆመው ከመሬት ጋር የሚነካካው ጎማ ነው። ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ግድም በታች ሲወርድ እየደደረ ይሄዳል፤ የደደረ ጎማ በረዶን አይቆነጥጥም። ፊንላንዶች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ኖኪያ ከተማ ያለው ፋብሪካ በ1934 ለከባድ መኪና፣ በ1936 ደግሞ ለቤት መኪና «ሀካፔሊታ» የሚባለውን የክረምት ጎማ ሠርቷል። ጂፕ ከመወለዷ በፊት መሆኑ ነው። የካናዳዋ ኩቤክ ግዛት በክረምት ወራት የክረምት ጎማ ያላሰረ የቤት መኪና እንዳይነዳ በሕግ መከልከል የጀመረችው በ2008 ነው። ሕጉ «ፎር ዊል ግዙ» አላለም፤ «ጎማ ቀይሩ» ነው ያለው።

ክረምቱን የረታው ሌላውም ነገር እንዲሁ ትንሽ ነው። ከሚኒሶታ አጠገብ በሰሜን ዳኮታ የሚኖር አንድሩ ፍሪማን የሚባል ሰው፣ ሌሊቱን ሞተሩን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሠርቶ በ1949 የፈጠራ መብት አገኘበት። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ሰሞን ከመኪኖች አፍንጫ ገመድ ተንጠልጥሎ ሲያይ፣ «ጋሼ፣ እዚህ አገር መኪና እንደ ሞባይል ቻርጅ ይደረጋል» ያለኝ ይህንኑ ኖሯል።

ደወልኩለት። «የዚያ መኪና ጎማ እንዴት ነበር?» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ሙልጭ ያለ ነበር። ሻጩ ፎር ዊል ስለሆነ ችግር የለውም አለኝ» አለ። ሻጩም እኔም አንድ ዓይነት ምክር ነው የሰጠነው። ልዩነታችን እሱ የተከፈለው መሆኑ ነው። «ይቅርታ፣ ልጄ» አልኩት።

አሁን የሚነዳው የፊት ጎማዋ የሚስብ፣ ዕድሜዋ የገፋ ትንሽ የቤት መኪና ነው። በተረፈው ገንዘብ አራት የክረምት ጎማ ገዝቷል፤ ኅዳር ላይ ያስራቸዋል፣ ሚያዝያ ላይ ይፈታቸዋል። ስንት ክረምት አለፈ፣ ምሰሶ አልነካም። እናቱም ድሮ ስትደውል «በላህ ወይ?» ነበር የምትለው፤ አሁን «ጎማ ቀየርክ ወይ?» ሆኗል።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ እያወረደው፣ ታክሲ ልሳፈር ስል ዓይኔ ጎማው ላይ አረፈ። እንደ ራሰ በራ አናት ያብረቀርቃል። «ወንድም፣ ጎማህ እኮ አልቋል» አልኩት ሾፌሩን። ሳቅ አለና፣ «አታስብ ፋዘር፣ መኪናዋ ጎበዝ ናት» አለኝ።

ገባሁ እንጂ፤ ሌላ ታክሲ አልነበረም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ግን እኔም እግሬ ሥር የሌለ ፍሬን እረግጥ ነበር።