ከጨንቻ ጓሮ እስከ ሴቻ ጓሮ

ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንዲት አባላችን «ጓሮ ለመጀመር መጀመሪያ ምን ልትከል?» ብላ ጠይቃን ነበር። ሁላችንም አንዳንድ ነገር ጣል አደረግንና ሳንቋጨው ወደ ቁጠባው ሒሳብ አለፍን። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። በጋሞ ምድር አዲስ ጥያቄ አይደለምና። እናቶቻችን በየዘመናቸው መልሰውታል፤ መልሱም እንደየዘመኑ ተለዋውጧል።

የመጀመሪያው መልስ እንሰት ነው። በጨንቻና በዶርዜ ደጋ ገብሱ ራቅ ካለው ማሳ ላይ ይዘራል፤ እንሰቱ ግን ከቤቱ ጀርባ ይተከላል። እንሰት ፍግ ይወዳል፤ ፍጉን ከበረት እየጠረገች የምታወጣው ደግሞ ሴቷ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ ሩቅ ልትሄድ አትችልም። የሚባዛውም በፍሬ አይደለም። ገና ያልደረሰ እንሰት ይቆረጥና፣ መሐል ያለው ለጋ እምብርት ወጥቶ፣ ሥሩ ከፍግ ጋር አፈር ይለብሳል። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከአንዱ ሥር ብዙ ችግኝ ይፈላል። ችግኙ እያደገ ሲሄድ ቦታ እየሰፋለት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይዛወራል። እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት፣ ብርድ በበዛበት ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ያልተከለች ሴት አንድ ዓመት ጠግባ በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ጓሮ ታያለች። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን የትኛው ረድፍ መቼ እንደሚደርስ በቃላቸው ያውቁ ነበር። እኔ ለዚያ ኮምፒውተር ላይ ሠንጠረዥ ያስፈልገኛል።

መፋቁን፣ ጉድጓድ ውስጥ መቅበሩን፣ ቡላውን መለየቱን ብዙዎቻችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በአብዛኛው የሴት ሥራ ነው። የዶርዜ ወንዶች የሽመና ሙያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሲሄዱ፣ ደጋው ላይ የቀረውን ቤት ያቆመው ሚስቲቱ የምትጠብቀው እንሰት ነበር። ስለ ሸማው ብዙ ይወራል። ልጆቹን ስላበላው ጓሮ ግን እምብዛም አይወራም።

ሁለተኛው መልስ አፕል ነው። ወደ ጨንቻ ያመጡት ሚሲዮናውያን ሲሆኑ፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በኋላ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ችግኙን እያባዛች በገበሬው ዘንድ እንዲስፋፋ አደረገች። አፕል እንቅልፉን ጨርሶ እንዲያብብ ብርድ ይፈልጋል፤ ጨንቻ ደግሞ ብርድ አያጣም። ከፍሬው ተዘርቶ የእናቱን ዓይነት አይሰጥም፤ የጥሩው ዛፍ ቅርንጫፍ በሌላ ሥር ላይ ተጣብቆ ይታሰራል። ይህን የቻለ ሰው ከፍሬው ሌላ ችግኝ እየሸጠም ገንዘብ አገኘ። ብዙ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው፣ ብዙ ልጅ የተማረው በአፕል ነው። ይህን አልክድም።

ነገር ግን አንድ የምናዘዘው አለ። ዲፕሎማዬን እንደያዝኩ ሰሞን፣ እናቴ እንሰቱን በከፊል ነቅለው አፕል እንዲተክሉ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። ወረቀት ላይ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። የአፕሉን ሽያጭ ገቢ ብዬ ጻፍኩ፤ በእንሰቱ በኩል ግን የጻፍኩት ገበያ የወጣውን ቆጮ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ የተበላውን፣ ለጎረቤት ልቅሶ የተላከውን፣ ለከብት የተቆረጠውን ቅጠል አልቆጠርኩም። ሌላም የረሳሁት ነበር። የቆጮው ገንዘብ በእናቴ መቀነት ይቋጠር ነበር፤ የአፕሉ ነጋዴ ግን የሚነጋገረው ከአባቴ ጋር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቴ ለጨውና ለሳሙና አባቴን ሲጠይቁ ሰማሁ። አባቴ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይሰጣሉ። ግን ከዚያ በፊት ጠይቀው አያውቁም ነበር።

ሦስተኛው መልስ የእኛው የቆላው ነው። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ በ1950ዎቹ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር፣ ከደጋ የወረዱት ሰዎች ሌላ አፈርና ሌላ ሙቀት ጠበቃቸው። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። እዚህ ጓሮ የሚያስጌጠው ሽፈራው ነው፤ በጋሞኛ ሃለኮ የምንለው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ከኩርኩፋ ጋር ይበላል፤ ድርቅ ይችላል፤ በበጋ ጎመን ሲጠፋ እሱ አለ። ሙዙም ከዚሁ ወደ አዲስ አበባ በመኪና እየተጫነ ይሄዳል።

እኔም ሴቻ ቤት ስከራይ ከሽፈራው ጀመርኩ። በላስቲክ ዘርቼ ጠዋትና ማታ ውኃ አጠጣሁት፤ በሰበሰ። ውኃ የሚቋጥር አፈር እንደማይወድ ጎረቤቴ ነገሩኝ። በሁለተኛው ጊዜ አሸዋ ቀላቅዬ፣ ላስቲኩን ከሥሩ በስቼ፣ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጣሁ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቀለ።

ሙዝ ለመትከል የምታስቡ ደግሞ ቢላዋ ከመዋሳችሁ በፊት አስቡበት። የእንሰት አጠውልግ በሽታን ዳኛቸው ይርጉ ከአንድ የውጭ ባልደረባቸው ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ገልጸውታል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በሙዝ ላይም መታየቱ ተጻፈ። በሽታው በቢላዋና በገጀራ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይሄዳል። ስለቱን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ ያድናል። የታመመውን ነቅሎ መቅበር እንጂ አጥር ላይ መጣል አይገባም።

እናቴ ባለፈው ዓመት ከአፕሉ ጎን ሁለት ረድፍ እንሰት መልሰው ተክለዋል። እኔ አላማከርኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ገና ጉልበት አይደርስም።

ለሚቀጥለው ስብሰባ የሽፈራው ፍሬ ይዤ እመጣለሁ፤ ለእያንዳንዳችን አራት አራት ይደርሰናል። ላስቲክና አሸዋ የየራሳችሁን ይዛችሁ ኑ።