110 ነጥብ ለ600 ቦታ

በኪርያት ማላኺም፣ በገደራም፣ በያቭኔም ቤት ውስጥ የሚሰማ ክርክር አለ። ልጁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ሰሌዳ ላይ አፍጥጧል፤ አይሮጥ፣ አይተኩስ። እናት «ይኼ ደግሞ ምኑ ጨዋታ ነው?» ትላለች። «እማ ቆይ፣ ነጥብ እያከፋፈልኩ ነው» ይላል። ዘንድሮ የዚህን የነጥብ ማከፋፈል ታሪክ እናንሳ ብለናል። ወላጆቻችን ከሚመስላቸው በላይ ያውቁታልና።

ከአገር ቤት እንጀምር። የሐበሻ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ «ወረራ» ነው፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፣ የሌላውን እጅ እያዩ አሰላለፋቸውን ይቀይራሉ። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ በተራ ይሆናል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ስለዚህ ጨዋታ ታሪክና ሕግ ጽፈዋል። ጠጠሩ ለሁለቱም እኩል 16 ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ማን ምን ላይ አተኮረ የሚለው ነው። ልጆች ዛሬ «ቢልድ» የሚሉት ይኸው ነው።

በ1974 አሜሪካ ውስጥ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለውን የወረቀት ጨዋታ አወጡ። ገጸ ባሕሪው ስድስት ችሎታዎች አሉት፤ ጉልበት፣ እውቀት፣ ጥበብ፣ ወዘተ። ለእያንዳንዱ ሦስት ዳይስ ይጣልና የወጣው ቁጥር፣ ከ3 እስከ 18፣ ዕድልህ ይሆናል። ምርጫ እምብዛም የለም። በ1986 የወጣው «ገርፕስ» ግን ዳይሱን ትቶ ለሁሉም 100 ነጥብ ሰጠና «እንደፈለግህ ግዛበት» አለ። ድክመት ከመረጥክ፣ ለምሳሌ አንድ ዓይን ወይም ፈሪነት፣ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጥሃል። የ1997ቱ «ፎልአውት» ይህን ሐሳብ ኮምፒውተር ላይ አመጣው። ሰባት ችሎታዎች አሉ፣ በጠቅላላ 40 ነጥብ። እውቀትን በጣም ዝቅ ካደረግከው ገጸ ባሕሪህ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ያቅተዋል፤ ሰዎችም አይሰሙትም።

ታሪኩ የሚከብደው ግን «ዲያብሎ 2» ላይ ነው። በ2000 ዓመት የወጣ ጨዋታ ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕሪ 30 ችሎታዎች አሉት፣ በእያንዳንዱ ላይ እስከ 20 ነጥብ ማስቀመጥ ይቻላል። ሁሉን ለመሙላት 600 ነጥብ ያስፈልጋል ማለት ነው። የሚሰጠውስ? ሌቭል 99 ድረስ ለደረሰ፣ ያውም ስንት ወር ለፍቶ፣ 98። በተልእኮ የሚገኙ 12 ሲጨመሩ 110። ከዚያ በላይ የለም። የተቀመጠ ነጥብም አይነሳም፤ ከተሳሳትክ ከሌቭል 1 እንደገና ነው። በ2003 ደግሞ ሠሪዎቹ «1.10» የተባለውን ማሻሻያ አወጡና ችሎታዎች እርስ በርስ እንዲደጋገፉ አደረጉ። ለአዲስ ጀማሪ ጥሩ ነበር። በአሮጌው ሕግ ነጥቡን የጨረሰ ተጫዋች ግን በደንብ የገነባው ጀግና በአንድ ሌሊት ደካማ ሆኖበት አገኘው። ምንም አላጠፋም። ሕጉ ነው የተቀየረው።

ወላጆች ሆይ፣ ይኼን ከእናንተ የበለጠ ማን ያውቀዋል? በጎንደር መንደሮች ሳላችሁ ነጥባችሁን ያስቀመጣችሁት ማረሻ በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራት፣ በሽመና፣ በእርሻ ላይ ነበር። ቄሶቻችን ኦሪትን በግዕዝ ለማንበብና ለመተርጎም ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። በ1984 እና 85 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ እዚህ ስትደርሱ ሰሌዳው ሌላ ሆኖ ጠበቃችሁ። አንጥረኛው ፋብሪካ ገባ፣ ራባኑት የቄሶችን የማጋባት ሥልጣን አልቀበልም አለ። በ1985 ኢየሩሳሌም ላይ ከራባኑት ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀምጠው የተቃወሙት ወገኖቻችን ይታወሱ። ኪርያት ማላኺ ራሷ በ1951 የመሸጋገሪያ ሰፈር ሆና የተጀመረች ናት፤ ከእኛ በፊት የመጡትም ከሌላ አገር ይዘውት የመጡት ነጥብ አልቆጠረላቸውም። የእኛ ክርክር ነጥብ አነሰ የሚል አይደለም፤ ነጥብ ለማንም አይበቃም። ያስቀመጡትን መልሶ ማንሳት ይቻላል ወይስ አይቻልም? በምን ዋጋ? ነው ነገሩ።

ጨዋታዎቹም በዚሁ ጥያቄ ሲናጡ ኖረዋል። «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» (2004) ነጥብህን አንስተህ እንደገና እንድታከፋፍል ፈቀደ፣ ግን በወርቅ፤ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 5፣ እያለ እስከ 50 ይወጣ ነበር። «ዲያብሎ 2» ራሱ በ2010፣ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሩን ከፈተ። የ2012ቱ «ዲያብሎ 3» ደግሞ የችሎታ ነጥብን ጭራሽ አስቀረ፤ በፈለግህ ሰዓት ትቀያይራለህ። ብዙ የቆዩ ተጫዋቾች ግን አልወደዱትም። እኛም ትንሽ እንስማማለን፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም መሆን ከቻለ የአንተ ጀግና ከጎረቤትህ በምን ይለያል?

አሁን ሰሌዳውን ወደ ባግሩት እናዙረው። ለሰርተፍኬቱ ቢያንስ 21 ዬሂዶት ያስፈልጋል፤ ከትምህርቶቹም ቢያንስ አንዱ በ5 ዬሂዶት መሆን አለበት። ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ነው። ምርጫው የተማሪው ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ ገና ሐቲባ ላይ ልጁ የተመደበበት ሐቅባጻ አስቀድሞ መርጦለታል። ከታችኛው ሐቅባጻ መውጣት ይቻላል፣ ግን በራሱ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ጠያቂ ወላጅ ይፈልጋል። ዕብራይስጥ ቢያስቸግርም ከልጁ ጋር፣ ወይም ከእኛ ከማኅበሩ አንድ ሰው ጋር ሄዶ «ልጄ ለምን እዚህ ተመደበ? መቼ ይፈተናል?» ማለት ይቻላል። በዚያ ያመለጠው ከሠራዊት ሲወጣ ፒቃዶኑን ይዞ ሜኺና ይገባል፣ ሒሳቡን ከ3 ወደ 5 ያሳድጋል። ከእኛ መካከል ይህን ያደረጉ አሉ፤ የከፈሉት ወደ አንድ ዓመት ገደማ ነው።